እርከኑን ላፍርሰው ወይስ ልጠግነው?

ጥያቄ፦ ከደምበጫ አካባቢ ነኝ። ተዳፋት ላይ ያለ ማሳዬን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጤፍ በዘራሁ በሳምንቱ የወረደው ዶፍ እርከኑን ሁለት ቦታ ሰብሮ ዘሩንም አፈሩንም ጠራርጎ ከታች ባለው ጎረቤቴ ማሳ ላይ ደፋው። አምናም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ ተቀይሞኛል። የድሮ ዝናብ እንዲህ አልነበረም። እርከኑን ባፈርሰው ይሻል ይሆን?

መልስ፦ አያፍርሱት። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይዩልኝ፤ ዘንድሮ የተሰበረው አምና በተሰበረበት ቦታ ነው? ከሆነ፣ ከላይ ወደዚያ ቦታ ውኃ የሚሰበስብ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያ ነገር ውኃ እንዲወርድ ብለን ራሳችን በማሳው ላይ በማረሻ ያወጣነው ቦይ፣ ፈሰስ፣ ነው።

ስለ ዝናቡ ያሉት መሠረት አለው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ ሲያራግፈውም በአንዴ ነው። ቀኑን ሙሉ ያካፋ ዝናብና የግማሽ ሰዓት ዶፍ መጠናቸው እኩል ቢሆን እንኳ ለአፈሩ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያውን መሬቱ ይጠጣዋል፤ ሁለተኛው ግን ደቃቁን አፈር መትቶ ቀዳዳውን ይደፍንና ከላይ ከላይ ይሄዳል።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ለዝናቡ አንስጠው። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነውና መሬቱን ደጋግመን አርሰን፣ አለስልሰን፣ በከብት አስረግጠን እንዘራለን። ስለዚህ ክረምቱ ሲበረታ ማሳው ራቁቱን ነው። ዝናቡ ሲያባራ ማሳው ውስጥ ቁጢጥ ብለው ይመልከቱ፤ ጠጠሮቹን ትንንሽ የአፈር ምሰሶ ላይ ተቀምጠው ያገኟቸዋል። ከጠጠሩ ሥር ያለው ተርፎ ዙሪያው ያለው ተረጭቶ ሄዷል። የምሰሶው ቁመት ያጡት አፈር ውፍረት ነው። ለደጋው የሰብል መሬታችን በብዛት የሚጠቀሰው ግምት በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ነው። በማሳው ላይ ሲዘረጋ ግን 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ለዚህ ነው ሳናየው የሚሄደው።

እዚያው እናንተ ዘንድ፣ አንጀኒ ላይ፣ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ፋንያ ጁ ተሠርቶ ነበር፤ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይኛው በኩል የሚጣልበት እርከን ነው። ከዓመታት በኋላ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ሆኗል። አንድ ቅሬታ ግን ነበር፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ውኃው እርከኑ ጋ ይተኛና ሰብሉ ይገረጣል። ቅሬታው እውነት ነው። ለደረቅ አካባቢ የሚሆነውን፣ ወደ የትም ዘንበል ሳይል ውኃውን የሚያቁር እርከን እንዳለ ወደ ጎጃም ማምጣት የእኛ የባለሙያዎች ስህተት ነው፤ ገበሬው በፈሰስ ሲበሳው አልፈርድበትም።

ለእርስዎ ማሳ የሚበጀው ትንሽ ዘንበል ያለ እርከን ነው፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ዝቅ የሚል፣ ጫፉ ሣር ባለበት መፋሰሻ ላይ የሚያርፍ። ከማሳው አናት ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞር መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። ልኩን በዓይን አይገምቱት፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ በገመድና በውኃ ልክ ያውጣልዎ። ፈሰስም ሲያወጡ አግድም አስተኝተው ያውጡት። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ ፈሰስ ውሎ አድሮ ቦረቦር ነው የሚሆነው። የመጨረሻው እርሻም እንዲሁ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሁን። በጣም ዘቅዛቃው ላይ ከሆነ ደግሞ ማስረገጡን ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ይህ ግን የጥርና የየካቲት ሥራ ነው። አሁን በጭቃ መቆፈር ትርፉ ድካም ነው። ለጊዜው የተሰበረውን በድንጋይና በቅርንጫፍ ይድፈኑት፤ መሬቱ እርጥብ ሳለም እርከኑ ላይ ዴሾ ሣር ገንጥለው ይትከሉ። ከብት ከለቀቁበት ግን አንድ በጋ አይቆይም፤ አጭደው ያብሉ።

መፋሰሻው የግድ በጎረቤትዎ በኩል ስለሚወርድ፣ ገመዱ ሲዘረጋ እሳቸውም ቢኖሩ ጥሩ ነው። በድንበራችሁ ላይ ካለፈ የሚበቅልበትን ሣር እኩል መካፈል ትችላላችሁ፤ ዘንድሮ የደረሰባቸውን ጉዳት ግን አስቀድመው ይቅርታ ይጠይቋቸው።