ዊንዶውስ ከጀርባ ኔት ይበላል ወይ?

እህታችን የጠየቀችው ይሄን ነው። ቤቷ ባለ 4 ሜጋቢት የዋይፋይ መስመር አላት። ላፕቶፑን ከፍታ ምንም ሳትነካው ባለቤቷ ስልኩ ላይ የሚያየው ቪዲዮ መቆራረጥ ይጀምራል። «ዊንዶውስ ነው የሚበላብኝ? ምኑን ልዝጋ?»

አዎ፣ ይበላል። ግን የሚታማው ሌላ፣ የሚበላው ሌላ ነው።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኛ ይዞት ከሚመጣው ወሬ ዋናው «ዊንዶውስ 20 በመቶውን ኔት ለራሱ ይይዛል፣ ዜሮ አድርግልኝ» የሚል ነው። ይሄ ከድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ ሲዞር የኖረ ተረት ነው። ያ ቁጥር የሚሠራው ቅድሚያ ይሰጠኝ ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም ሲኖር ብቻ ነው። ጠያቂ ከሌለ መስመሩ በሙሉ ለሁሉም ክፍት ነው። እሱን መነካካት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ሰዓት ማስተካከያው፣ የአየር ሁኔታው፣ ወደ ማይክሮሶፍት የሚላከው መረጃም ቢሆን በጣም ትንሽ ነው። የግል መረጃ ጉዳይ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ቪዲዮ ግን አያቆራርጥም።

አፕዴት ግን ይበላል። ማይክሮሶፍት የወሩን አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ። ልክ ቤተሰብ ስልክ ይዞ በሚቀመጥበት ሰዓት ማለት ነው! በ4 ሜጋቢት 1 ጊጋባይት ለማውረድ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ቢለቀቅለት እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣማ የቤቱ ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ የቀረበትን ለማካካስ አንድ ላይ ይረባረባል።

እኔ አብዝቼ የምጠረጥረው ግን አፕሎዱን፣ ማለትም ከቤት ወደ ውጭ የሚላከውን ነው። ቪዲዮ ስታዪ ስልኩ ለሰርቨሩ «ደርሶኛል» እያለ መልስ ይልካል። የመላኪያው መስመር በሌላ ነገር ከተጨናነቀ ያ መልስ ወረፋ ይይዛል፣ ሰርቨሩም ይዘገያል። ስለዚህ አፕሎዱ ሲሞላ ዳውንሎዱም አብሮ ይወድቃል። በጥምቀት ሰሞን አንድ ደንበኛ ከባሕረ ጥምቀቱ የቀረጸውን ቪዲዮ ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ ገለበጠና የቤቱ ኔት ሞተ። ዋንድራይቭ የሚባለው፣ ፋይል ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር የሚያስቀምጠው ፕሮግራም፣ ዴስክቶፑን ባክአፕ እያደረገ ነበር። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ እስኪሞላ ድረስ ግን ያለ ይሉኝታ ይልካል። የዋንድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ የአፕሎድ ፍጥነት መገደቢያ አለ፣ እሱን አብሪው።

ሌላው ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ነው። ዊንዶውስ 10 በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ያወረድሽውን አፕዴት ቆራርሶ ለሌሎች ኮምፒውተሮች ያካፍላል። ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮችም የሚለው ከተመረጠ ቀይሪው። ቤት ውስጥ ላሉት ብቻ የሚለውን ግን አትንኪው። ሁለት ላፕቶፕ ካላችሁ አንዱ ያወረደውን ሌላው በዋይፋይ ይወስድለታል፣ ለኛ መስመር ይሄ ሲሳይ ነው።

ምንም ነገር ከመዝጋትሽ በፊት ግን ለኪ። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ፣ ዳታ ዩሴጅ ስትገቢ በ30 ቀን ውስጥ የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ በስም ይዘረዝርልሻል። ቪዲዮው በተቆራረጠ ሰዓት ደግሞ ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን የዊንዶውስ መከታተያ ክፈቺና ኔትወርክ የሚለው ላይ የሚላከውን ተመልከቺ። እዚያ ኤስቪሲሆስት የሚል ስም ብታዪ ቫይረስ ነው ብለሽ አትደንግጪ፤ አብዛኛውን ጊዜ አፕዴቱ የሚያልፈው በሱ ስም ነው።

ለጊዜው እፎይ ለማለት ዋይፋዩን ሚተርድ ኮኔክሽን አድርጊው (ዳታው በቁጥር ነው፣ ቆጥብ ብሎ ለዊንዶውስ የሚነግር ምርጫ ነው)፤ አብዛኛው አፕዴት ይቆማል፣ ዋንድራይቭም ያርፋል። እንደዛው ግን አትተዪው፣ የደኅንነት አፕዴት ያመልጥሻል። ሁላችሁም ስትተኙ መልሰሽ ክፈቺለት። ዩቲዩብ ላይ «ይሄን ሁሉ ሰርቪስ ዝጉ» የሚሉትን አትስሚ። ዘግተው የመጡትን ስጠግን ነው የምውለው።

ላፕቶፑ ጠፍቶም ቪዲዮው ከተቆራረጠ ደግሞ ላፕቶፑ ነፃ ነው። ያኔ የባለቤትሽን ስልክ እዪ፣ ጉግል ፎቶስ ፎቶ እየላከ ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም የዳታ ዩሴጁን ገጽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።