ማህበራዊ ሚዲያ እንደ መብራትና ውሃ ይተዳደር ወይ ለምትሉኝ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በስልክ አገልግሎት ሙያ ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ የሕዝብ አገልግሎት ተብለው በመንግሥት ደንብ ይተዳደሩ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ወደ እኔ የምትዞሩትም ለዚህ ይመስለኛል። የሐሳቡን ግማሽ እደግፋለሁ፤ ግማሹ ግን ያሳስበኛል።

የምደግፈው ግማሽ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1877 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቺካጎን የእህል ጎተራዎች ጉዳይ ሲያይ፣ ንብረቱ የግል ቢሆንም የሕዝብ ጥቅም የተያያዘበት ከሆነ መንግሥት የአገልግሎት ዋጋውን ሊወስን እንደሚችል ፈረደ። በ1934 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግም የስልክ ኩባንያዎችን ለጠየቀ ሁሉ ያለ አድልዎ እንዲያገለግሉ አስገደዳቸው። በኦክቶበር 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጡ ስንት ሰው ከደንበኛውና ከቤተሰቡ እንደተለያየ ላየ ሰው፣ ከመብራት ጋር ማመሳሰሉ ማጋነን አይሆንበትም።

ነገር ግን የስልክ ኩባንያ የማንን ድምፅ ቀድማችሁ እንደምትሰሙ አይመርጥላችሁም። እነዚህ መድረኮች ሥራቸው መምረጥ ነው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ በ2021 ይህን ምርጫ የሚገድቡ ሕጎች አወጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ጉዳዮቹን ወደ ሥር ፍርድ ቤቶች ሲመልስ፣ የሌሎችን ጽሑፍ መርጦና አሰናድቶ ማቅረብ በራሱ ሐሳብን መግለጽ መሆኑን አስገነዘበ። ለኩባንያዎቹ ፍቅር ባይኖረኝም በዚህ እስማማለሁ። ሁሉንም እኩል አሳልፉ ከተባለ አጭበርባሪውም እኩል ያልፋል፤ የሚያልፈውን መንግሥት ይምረጥ ከተባለ ደግሞ ዛሬ የምታምኑት ባለሥልጣን ነገ በማን እንደሚተካ አታውቁም።

የደንብ ጥላ ባለሞኖፖሉንም እንደሚያቅፍ የተማርነው ከስልክ ነው። በአሜሪካ በስልክ አፍ ላይ የሚገጠም፣ ንግግር ለሌላ እንዳይሰማ የሚከልል ትንሽ ዕቃ ነበር። ግዙፉ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ኔትወርኬን ይጎዳል ብሎ ከለከለው። ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ከማን ጋር የቆመ ይመስላችኋል? ከኩባንያው ጋር! ክልከላው በፍርድ ቤት የተሻረው በ1956 ነው፤ ኩባንያው ራሱ የተከፋፈለው ደግሞ በ1984። ለአንዲት መከለያ ይህ ሁሉ ሙግት! አሁንም ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

ስለዚህ ከስልክ ሕግ የምትወስዱትን ምረጡ። ዋጋ መተመኑ እዚህ ብዙ አይረባም፤ ተጠቃሚው የሚከፍለው በገንዘብ ሳይሆን በትኩረቱና በመረጃው ነው። ለደንበኛ ትልቅ ነጻነት የሰጡት ኩባንያዎች መሥመራቸውን እርስ በርስ እንዲያገናኙ መገደዳቸውና ቁጥርን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ መቻሉ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ፣ እንደ ዋትስአፕ ያሉ ትልልቅ የመልእክት አገልግሎቶች ለሌሎች በራቸውን እንዲከፍቱ ማዘዙ ከዚህ መንፈስ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በኅብረቱ ውስጥ 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች፣ የግል ባሕርይን ሳያጠኑ ይዘት የሚያቀርቡበትን አማራጭ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ማንንም ዝም ሳያሰኝ ምርጫውን ለተጠቃሚው ስለሚመልስ ወድጄዋለሁ።

እስኪ መረጃችሁን ከምትጠቀሙበት መድረክ አውርዱና ፋይሉን ክፈቱት። ፎቶዎቻችሁን ታገኛላችሁ፤ የጻፋችሁትንም እንዲሁ። ሌላ መድረክ ላይ ሆናችሁ እዚያ ከቀሩት ወዳጆቻችሁ ጋር የምትነጋገሩበት መንገድ ግን በውስጡ የለም። ሕግ አውጪዎችን በዚህ ጉዳይ የምትሞግቱ ከሆነ፣ አቤቱታችሁ ላይ እኔም እፈርማለሁ።