ጥያቄና መልስ፦ «እሁድ እንኳን የኔ አይደለም» ላላችሁኝ

ሰላም እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው ስለ ሥራና ስለ ቤት ጻፉልኝ ብያችሁ ነበር፣ ከደብረ ብርሃን ከደብረ ሲና ከመሐል ሜዳ የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው፣ ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ስድስት መርጫለሁ። የሰውም የመስሪያ ቤትም ስም ሆን ብዬ ነው የተውኩት።

ሁሉንም ሳነብ አንድ ነገር ነው የታየኝ። የእረፍት ሰዓታችንን ለማንም ተናግረን አናውቅም፣ ለአለቃም ለቤተሰብም ለጎረቤትም፣ ያልተነገረ ሰዓት ደግሞ ባዶ ይመስላል፣ ያየው ሁሉ ይገባበታል።

«ደብረ ብርሃን አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሺፍታችን ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሯ ትቆያላችሁ ትላለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። እሁድም ሁለቴ ገብተናል። እምቢ ካልኩ እባረራለሁ ብዬ እፈራለሁ። ማታ እግሬን እንኳን ሳልታጠብ ነው የምተኛው።»

እህቴ ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ግን መጀመሪያ መብትሽን እወቂው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ኦቨርታይምም ገደብ አለው፣ በቀን ከ4 ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ አይችልም፣ ደግሞም አለቃ ደስ ባለው ቀን ሁሉ የሚያዘው ነገር አይደለም፣ አደጋ ሲደርስ ወይ ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ወይ ደግሞ በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ሲያስፈልግ ነው የተፈቀደው። «ሳምንቱን ሙሉ» የሚባለው ከዚህ ውስጥ የለም።

ክፍያውን በምሳሌ ልንገርሽ። በሰዓት የሚታሰብልሽ 20 ብር ነው እንበል። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሠራሽው ኦቨርታይም በሰዓት 30 ብር ነው፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ከሆነ 35 ብር፣ በሳምንት እረፍት ቀን 40፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር። እሁድ ለገባሽበት ደግሞ ከብሩ ሌላ ምትክ እረፍት ይገባሻል፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም ብሩን ተቀብሎ ዝም ነው የሚለው።

አሁን ማድረግ ያለብሽ አንዲት ደብተር መግዛት ነው። በየቀኑ ከመተኛትሽ በፊት አንድ መስመር ብቻ ጻፊ፣ «ማክሰኞ፣ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ተኩል፣ ያዘዘችው ሱፐርቫይዘሯ» በቃ። ደመወዝ ሲወጣ ከደብተርሽ ጋር አስተያይው። ካልገጠመ አትቆዪ፣ ያልተከፈለ የኦቨርታይም ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይቀራል፣ ስንቱ ሰው «ስለቅ ጊዜ እጠይቃለሁ» እያለ ገንዘቡን አጥቷል። ብቻሽን ደግሞ አትሂጂ፣ አራት አምስት ሆናችሁ መጀመሪያ ኤችአር ጋ ግቡ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በእሱ በኩል፣ እዚያ ካልሆነ የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ ባለሙያ አለ።

ለሱፐርቫይዘሯ ደግሞ እምቢ ከምትያት ቀን ስጫት። «ማክሰኞና ሐሙስ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቀን ግን አልችልም» በያት፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ነው የምትነግሪያት እንጂ ማታ ተጨናንቃ ሰው ስትቆጥር አይደለም። እሷም ከላይ የሚጮህባት አለ፣ ቀድማ ካወቀች ሰው ትመድባለች።

የእግርሽ ነገር ግን ሆዴን በላው። በዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ የቆመ እግር... ዛሬ ማታ ውሃ አሙቂ፣ ጨው ጣል አድርጊበት፣ አሥር ደቂቃ እግርሽን ነክረሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ስልክም አትንኪ። ያቺ አሥር ደቂቃ ያንቺ ናት፣ ከእሷ ጀምሪ።

«ባንክ ነው የምሠራው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የቴሌግራም ግሩፑ ይጮሃል፣ ዲፖዚት ስንት ገባ፣ ታርጌት ያላሟላ ማነው እያለ። ካልመለስኩ ጠዋት ፊት ይነሱኛል።»

እኔም አልፌበታለሁ ወንድሜ። ድሮ በነበርኩበት መስሪያ ቤት ስልክ ከእጄ አይለይም ነበር፣ አንድ ማታ ጠፋብኝና አልጋ ስር አየሁ ኮቴን ፈተሽኩ የለም፣ በሌላ ስልክ ስደውል ድምፁ ከሞሰቡ ውስጥ መጣ። የአምስት ዓመት ልጄ ናት፣ እንጀራው ላይ አስተኝታ ከድናዋለች። «እራት እስክንበላ ይተኛ ብዬ ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ሥራ አስኪያጅህን ቀን፣ ሰከን ባለበት ሰዓት፣ ቁጥሩ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ማታ የሚጠየቀው ቀን ላይ ስላልተሰጠ ነው። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ያንተን ቁጥር ግሩፑ ላይ ጥለህ ውጣ፣ ከዚያ በግልጽ ንገረው፣ «ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ግሩፑን አላይም፣ አስቸኳይ ከሆነ ግን ይደውሉልኝ አነሳለሁ» በለው። እመነኝ ለመጻፍ የማይሳሳ ሰው ለመደወል ይሳሳል። ግሩፑን ሳይለንት አድርገው፣ ስልኩንም ከምትበሉበት ክፍል አርቀህ ቻርጅ ላይ ሰካው።

ዓመት እረፍትህንስ ወስደሃል? አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጥሃል፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 1 ቀን እየጨመረ ይሄዳል። ሥራ ላይ እያለህ በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው፣ ማስተላለፍም ከ2 ዓመት በላይ አይቻልም። ሕጉ እንደዚህ የጠበቀው እረፍቱን ሸጠን እንደምንጨርሰው ስለሚያውቅ ነው ብዬ አስባለሁ።

«ነርስ ነኝ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ዲዩቲ አለኝ። ጠዋት ስገባ ባለቤቴ ዛሬ ኦፍ ነሽ አይደል ብሎ ልጆቹን ጥሎልኝ ይወጣል። ጎረቤቴም ቡና ፈላ ብላ ትጠራኛለች። ቀን ቤት ስላለሁ ያረፍኩ ይመስላቸዋል።»

ይሄን ጥያቄ ሦስት ነርሶችና አንድ ጥበቃ ናቸው የላኩልኝ፣ በተለያየ ቃል ግን አንድ ነው።

የቀን እንቅልፍ የሌሊቱን ያህል አይደለም። ሰውነታችን ብርሃን ሲያይ ነጋ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ሌሊት የሠራ ሰው ቀን ሲተኛ እንቅልፉ ቀላል ነው፣ ቶሎም ይቋረጣል፣ አንቺ አራት ሰዓት ተኝተሽ እንደ ሁለት ሰዓት የሚሰማሽ ለዚህ ነው። ክፍሉን አጨልሚው፣ መጋረጃው ስስ ከሆነ በላዩ ጋቢ ስቀይበት፣ በዚያውም ብርዱን ይከለክላል። ዲዩቲው ሊያልቅ ሲል ቡና አትጠጪ፣ ቡና ሰውነት ውስጥ ሰዓታት ነው የሚቆየው፣ ቤት ደርሰሽ ልተኛ ስትዪ ዓይንሽን ይይዝብሻል።

ጎረቤትሽን ንገሪያት። ሳትነግሪያት በሩን ብትዘጊ ትቀየማለች፣ «ሌሊት ሥራ ነበርኩ፣ ቡናችን ወደ 10 ሰዓት ይሁንልን» ብትያት ግን እሷ ራሷ ነች ልጆች ደጅሽ ላይ ሲጮሁ የምታባርርልሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ለእሱ በቀጥታ ብጽፍ ይሻለኛል። ወንድሜ፣ አንተ ማታ 3 ሰዓት ተኝተህ 12 ሰዓት ስትነሳ እሷ ያን ሁሉ ሰዓት በእግሯ ነበረች፣ የሰው ደም ስር ስትፈልግ መድኃኒት ስትቆጥር ነው ያነጋችው፣ ከሌሊት በኋላ ያለው ቀን የእሷ ሌሊት ነው። ዲዩቲ አድራ በምትገባበት ጠዋት ልጆቹን አንተ አብላቸው፣ ትልቁን ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ትንሹን እናትህ ጋ ወይ እህቷ ጋ ማስቀመጥ ይቻላል። የዲዩቲ ፕሮግራሟ ሲወጣ አንድ ኮፒ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ የትኛው ጠዋት የማን እንደሆነ ከዚያ ላይ ይታወቅ። ደክሟት መርፌ ብትሳሳትስ? እንቅልፏ የበሽተኛውም ጉዳይ ነው።

«ባለቤቴ ልትወልድ ነው፣ ስንት ቀን ፈቃድ አለኝ?» (ግል ድርጅት ነው የምሠራው ብሏል)

በዚሁ አዋጅ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ለእናት ከመውለዷ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን። ሦስት ቀን በጣም ትንሽ ናት፣ ገንፎው እንኳን ሳያልቅ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ካሁኑ ከዓመት እረፍትህ ቆርጠህ እንድታያይዘው በጽሑፍ ጠይቅ። እንኳን ማርያም ማረቻት ለማለት ያብቃን።

«መንዝ ነው የማስተምረው። እኔን ያስቸገረኝ ሥራው አይደለም። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሁድ ሰንበቴ፣ በ12 ማኅበር፣ በ21 ሌላ ማኅበር፣ መሐል ላይ ለቅሶ። የተማሪ ፈተና የማርመው ሌሊት ነው። ከቀረሁ ኮራ ይሉኛል።»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስለ ሥራና ስለ ኑሮ ሲወራ ይሄ ይረሳል። እረፍታችንን የሚበላው ሁልጊዜ አለቃ አይደለም፣ የምንወዳቸው ሰዎችም ይበሉታል። ማኅበሩ ራሱ ድሮ እረፍት ነበር እኮ፣ በበዓሉ ቀን በሬ ስለማይጠመድ ገበሬው ከጠላው ጋር ተቀምጦ ነው የሚውለው። አንተ ግን በበዓሉም ታስተምራለህ ከዚያ ማኅበር ትገባለህ ከዚያ ታርማለህ፣ የሁለት ሰው ኑሮ በአንድ ሰው ትከሻ ሆነብህ።

አንተ የጓሳ፣ የዚያ የመንዝ የሣር መሬት ሰው ነህ። የመንዝ አባቶች ጓሳን እንዴት እንዳቆዩት ታውቃለህ፣ ሣሩ እስኪያገግም ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር፣ ከብትም አይገባም ማጭድም አይገባም፣ ሲደርስ ይከፈታል ሰው ለቤት ክዳኑ ያጭዳል። ተደብቆ የተዘጋ ነገር አልነበረም፣ አገሩ ሁሉ እየሰማ ነው። አንተም እንደዚያ አድርግ። ለቅሶ አትቅር፣ ለቅሶ የቀረ ሰው በእኛ አገር ቂሙ አይወጣለትም፣ ደግሞም መሄድ ተገቢ ነው። ከሁለቱ ማኅበር ግን አንዱን ለወንድምህ ወይ ለባለቤትህ አስተላልፍ፣ ሠርግ ላይ ከቤት አንድ ሰው ይበቃል። ከወሩ ቅዳሜዎች አንዱን ደግሞ ዝጋው፣ ለዘመዶችህም አስቀድመህ «የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ነኝ» በል። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ በሦስተኛው ወር ራሳቸው «ዛሬ አይመጣም የልጆቹ ቀን ነው» ይላሉ።

«58 ዓመቴ ነው፣ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 4 ቆሜ ነው የምውለው፣ 14 ዓመት አንድ ቀን ዘግቼ አላውቅም። ባለቤቴ አሁን አሁን ዝም ብላኛለች።»

ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ቃል ናት ያስደነገጠችኝ። የሚቆጣ ሰው ገና ይጠብቃል ማለት ነው፣ ዝም ያለ ሰው ግን ተስፋ እየቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ይሄን ነገር ለከርሞ አያቆዩት።

እርስዎ የራስዎ አለቃ ነዎት፣ አዋጅ የሚያስቆምልዎት የለም። ለሁለት ሳምንት በየሰዓቱ የሸጡትን ይጻፉ። የደሴ መኪና ቁርስና ምሳ ላይ እንጂ ቀኑን ሙሉ እኩል አይቆምም፣ ጭር የሚልበት ሰዓት ከወረቀቱ ላይ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ገንዘብ መቀበሉን ልጅዎት ወይ የሚያምኑት ሠራተኛ ይያዘው፣ ሂሳቡን ማታ ያዩታል። ትንሽ ቢጎድል እንኳን እርስዎ ታመው ቢተኙ ከሚጎድለው ያነሰ ነው።

ከዚያ ከሳምንቱ ቀዝቃዛ የሆነውን ግማሽ ቀን መርጠው ይዝጉ። ሰኞ ከሆነ «ሰኞ ከ9 ሰዓት በኋላ ዝግ ነው» ብለው በትልቁ በሩ ላይ ይለጥፉ፣ ሾፌሮቹ ይለምዱታል። የመጀመሪያዋን ሰኞ እቤት ተቀምጠው አይዋሏት፣ እግርዎ ወደ ምግብ ቤቱ ነው የሚወስድዎት። ባለቤትዎን ይዘው ወደ ጣርማ በር ይውጡ፣ ጋቢ አይርሱ፣ ከታች ቆላውን እያያችሁ ተቀመጡ። የደብረ ሲና ቆሎ መንገደኛውን ሁሉ ሲያስቆም እርስዎ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለው የቆረጠሙት መቼ ነው?