የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የወጣ ሰው ቃል ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስሆን የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የሟች ወንድሜን ልጅ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አሁን ኑሮዋ ሎስ አንጀለስ ነው። በፍልሰታ ጾም ሰሞን ስትደውልልኝ ሳይንቶሎጂ የሚባል እምነት የሚያስተምረውን የመግባባት ኮርስ መጀመሯን፣ ከዚያም በፊት 200 ጥያቄ ያለው የጠባይ መመዘኛ በነፃ መፈተኗን ነገረችኝ። «እትዬ፣ ሃይማኖትሽን ተዪ አላሉኝም፤ አትጨነቂ» ትላለች። የጎረቤቴ ልጅ ግን ከዚያ ድርጅት የወጡ ሰዎች የሚናገሩትን በስልኩ ካሳየኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ይህንኑ ብነግራት «ባሏን የፈታች ሴት ስለ ባሏ መልካም ታወራለች ወይ?» አለችኝና የምመልሰው ጠፋኝ። የወጡት ሰዎች ቃል ምን ያህል ይታመናል? እርሷስ እውነት ሃይማኖቷን እንደያዘች ልትቀጥል ትችላለች? «ካልተውሽ አክስት የለሽም» ብዬ ቁርጡን ልነግራት አስቤአለሁና ከዚያ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

አክስቷ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ውድ እናታችን፣

በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የጻፉት ደብዳቤ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ደርሶናል። ካነሧቸው ጉዳዮች ጊዜ የማይሰጠው የመጨረሻው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር፤ «አክስት የለሽም» የሚለውን ቃል እባክዎ አይናገሩት። ይህን የምለው ለልጅቱ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ድርጅቱ ስለ ተቃዋሚ ዘመድ ያወጣው ሕግ ስላለ ነው።

የእምነቱ መሥራች አሜሪካዊው ኤል. ሮን ሃባርድ (1911–1986፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። በ1950 ዳያኔቲክስ ብሎ የሰየመውንና አእምሮን ከቆየ ሕመም ያላቅቃል ያለውን ዘዴ በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1953 መጨረሻ ደግሞ ሳይንቶሎጂን በቤተ ክርስቲያን ስም አስመዘገበ። በእርሱ ትምህርት መሠረት እምነቱን የሚያጠቃ ሰው «አፋኝ ሰው» ይባላል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር የተሳሰረ አባልም «የችግር ምንጭ ሊሆን የሚችል» ተብሎ ይመደባል፤ መንፈሳዊ ዕድገቱም ይታገዳል። እገዳው እንዲነሣለት ወይ ዘመዱን አግባብቶ ማለዘብ፣ ወይ ከእርሱ ጋር ያለውን ግንኙነት መቁረጥ ይጠበቅበታል። እንግዲህ እርስዎ በፍቅር ተቆጥተው የሚናገሩት ቃል እዚያ ሲደርስ ከአስተማሪዎቿ ትምህርት ጋር ልክ ሊገጥም ነው፤ «ዘመዶችሽ ሊያግዱሽ ይነሣሉ» ብለዋት ከነበረ እውነት ተናገሩ ማለት ይሆናል።

ወደ ምስክሮቹ ልመለስ። ልጅዎ ስለ ፈታች ሴት የተናገረችው ነገር ከብልህ ሰው የሚወጣ ነው፤ ምሁራንም ብለውታል። እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ብራያን ዊልሰን ከአንድ እምነት የወጣ ሰው ያለፈ ሕይወቱን ለራሱም ለሌላውም ለማስረዳት ሲል ታሪኩን ሊያጎላው እንደሚችል ጠቅሶ ምስክርነቱ በጥንቃቄ እንዲታይ ይመክር ነበር። ነገር ግን የፈታችው ሴት ባሏን ብትጠላም የቤቱ ሳጥን ምን ምን እንደያዘ የምታውቀው እርሷ ናት። ስለ ባሏ ክፋት የምትሰጠውን ፍርድ እንጠርጥር፤ ስለ ሳጥኑ የተናገረችውን ግን ሳጥኑን ከፍተን እንመልከት።

የሳይንቶሎጂ ሳጥን ደግሞ አንድ ጊዜ ተከፍቷል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1977 በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ የነበሩትን ጽሕፈት ቤቶቹን ፈትሾ እጅግ ብዙ ሰነድ ሲወስድ፣ አባላት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰርገው ገብተው ፋይል ሲሰርቁ እንደነበር ተገለጠ፤ የመሥራቹ ባለቤት ሜሪ ሱ ሃባርድ ጭምር ያሉባቸው 11 ሰዎችም ጥፋተኛ ተባሉ። ድርጅቱን የሚነቅፍ መጽሐፍ የጻፈች አንዲት የኒው ዮርክ ጋዜጠኛም ነበረች። በ1973 የቦምብ ዛቻ ልካለች ተብላ በተከሰሰች ጊዜ «ወጥመድ ነው» ብትል የሚሰማት አጥታ ነበር፤ ወጥመድ እንደነበረ ያረጋገጡት እነዚሁ ወረቀቶች ናቸው። ድርጅቱ ያንን ክፍል ዘግቼዋለሁ፣ አጥፊዎቹንም አባርሬአለሁ ይላል። ይሁን፤ ዳሩ ግን «የሚከሱን ሁሉ መራሮች ናቸው» የሚለው መከላከያ ከዚያ በኋላ ብቻውን አይበቃም።

ስለ መቆራረጡ ደግሞ ይህን ይመልከቱ። በ2008 የድርጅቱ ቃል አቀባይ በቴሌቪዥን ቀርቦ ከቤተሰብ ተለዩ የሚል ሕግ የለንም አለ። የኦስካር ተሸላሚው የፊልም ባለሙያ ፖል ሃጊስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አባል ሆኖ ቆይቶ በ2009 ሲወጣ፣ የገዛ ሚስቱ ከወላጆቿ እንድትለይ ታዝዛ እንደነበር አስታውሶ ያንን የቃል አቀባዩን ማስተባበያ በጽሑፍ ተቃወመ። ማይክ ሪንደር ለዓመታት የድርጅቱ አፍ ሆኖ የከሳሾችን ቃል ሲያስተባብል ኖሮ በ2007 ከወጣ በኋላ ያስተባበልኩት እውነት ነበር አለ፤ ልጆቹም ከእርሱ ተቆርጠው ቀሩ። የዛሬው መሪ የዴቪድ ሚስካቪጅ የወንድም ልጅ ጄና ሚስካቪጅ ሂልም በ2005 ወጥታ ስለ ልጅነቷ ተመሳሳይ ነገር መስክራለች። ድርጅቱ እነዚህ ሁሉ ሐሰተኞች ናቸው ይላል፤ ከዘመድ መለየትን በተመለከተም አባል ከማን ጋር እንደሚነጋገር የመምረጥ መብቱ ነው በማለት ያስረዳል። ልብ ይበሉ፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይደረጋል ወይስ አይደረግም ከሚለው ወጥቶ ምን ተብሎ ይጠራ ወደሚለው ዞሯል።

ጋዜጦች ስለ ጠፈርና ስለ ጥንት ፍጥረታት ያለውን የእምነቱን ትምህርት ማውራት ይወዳሉ። የወጡት ሰዎች አብዝተው የሚያነሡት ግን የመውጫውን ዋጋ ነው። በ1967 የተመሠረተውና «ሲ ኦርግ» የሚባለው የአገልጋዮች ጓድ አባላቱን ለአንድ ቢሊዮን ዓመት ያስፈርማል። እነዚህ አገልጋዮች ለጥቂት የኪስ ገንዘብ ሌት ተቀን ሲሠሩ ኮርሱን በነፃ ያገኛሉ፤ ውላቸውን ሳይጨርሱ ከወጡ ግን የወሰዱት ሁሉ ተሰልቶ ዕዳ ይሆንባቸዋል። በእኛ ዘንድ ዕቁቡን በልቶ የጠፋ ሰው ዕዳ አለበት ቢባል ያስኬዳል፤ የቢሊዮን ዓመት ውል ጨርሶ የሚወጣ ሰው ግን ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ አባል የአባልን ጥፋት፣ ሚስትም የባሏን ሳይቀር፣ በጽሑፍ ሪፖርት ታደርጋለች። እርስዎ በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የነበረውን የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ስለሚያውቁት፣ ሰው በገዛ ቤቱ ቃሉን እየመዘነ መናገር ሲጀምር ምን እንደሚሆን ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ፍርድ ቤቶች ሁልጊዜ ከወጡት ጎን አልቆሙም። በ1986 የሎስ አንጀለስ ዳኞች ለአንድ የቀድሞ አባል 30 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈርደውለት በይግባኝ 2.5 ሚሊዮን ሆኗል። በአንጻሩ በግዳጅ ሥራ ሠርተናል ብለው የከሰሱ ባልና ሚስት በ2012 በይግባኝ ተረትተዋል፤ ፍርድ ቤቱ መውጣት የሚችሉበት አጋጣሚ እንደነበራቸው ጠቅሶ፣ ቢወጡ ይደርስባቸው የነበረው ውግዘትና ከዘመድ መለየት ሕጉ ግዳጅ ከሚለው ውስጥ አይገባም ብሏል። እኔ ውሳኔው ሕጉን እንደተከተለ እቀበላለሁ። ይሁንና በሩ አልተቆለፈም ማለትና ከበሩ ውጭ እናት የለችም ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሕግ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስለ ሃይማኖቷ፦ ድርጅቱ ሃይማኖትሽን ተዪ አይልም፤ ይህን በትክክል ነግራዎታለች። ትምህርቱ ግን ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ እየተዘዋወረች ብዙ ሕይወት ኖራለች ስለሚል ከትንሣኤ ሙታን ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የንስሐ አባትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኑዛዜ የሚመስለው ክፍል ነው። «ኦዲቲንግ» በሚሉት ሥርዓት ሰው የሆዱን ሲዘረግፍ አድማጩ እየጻፈ በስሙ በተከፈተ ፋይል ያኖረዋል፤ አገልግሎቱም በ12 ሰዓት ተኩል ጥቅል ይሸጣል። የእኛ የንስሐ አባት የሰሙትን ይዘውት ይቀበራሉ። የወጡት ደግሞ ከፋይላችን የወጣ ምሥጢር መልሶ በእኛ ላይ ተነገረብን ይላሉ፤ ድርጅቱ ይህን ይክዳል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? በለመዱት ቀን ይደውሉላት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጓደኞቿ ይጠይቋት፤ ኮርሱ ረድቶኛል ካለችም አይከራከሯት፤ ከወጡት ብዙዎቹ ራሳቸው የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ጠቅመውናል ይላሉና። ስለ ገንዘብ ግን በግልጽ ያነጋግሯት። ከሁሉ በላይ የውል ወረቀት ሲቀርብላት ለጠበቃ ሳታሳይ እንዳትፈርም ቃል ያስገቧት። የከፈልነው ይመለስልን ብለው የከሰሱ ባልና ሚስት ቀድሞ በፈረሙት ውል ምክንያት ጉዳያቸው ወደ ድርጅቱ ሽምግልና ተመርቶ፣ በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት ያንኑ አጽንቶባቸዋል። ሽማግሌዎቹ በሙሉ የድርጅቱ አባላት መሆን አለባቸው፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሽምግልና ቢቀርብ ተበዳይ ገና ምንጣፉ ሳይነጠፍ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ልውጣ ብትል የምትደውልበት ስልክ የእርስዎ እንዲሆን ቁጥርዎን አይለውጡ።

በዚሁ ጉዳይ የደረሰን አጭር ጥያቄ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠሩ አንባቢያችን «ሳይንቶሎጂስቶች ሰውን ሁለት ጣሳ አስጨብጠው ሐሳቡን በመርፌ ያነባሉ የሚባለው መሣሪያ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

«ኢ-ሜትር» ይባላል፤ እርስዎ ከመጻሕፍት በሚያውቁት በዊትስቶን ብሪጅ፣ ማለትም ሬዚስታንስን (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመቋቋም አቅምን) በሚለካ ዑደት የሚሠራ ነው። አነስተኛ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አሳልፎ የቆዳን ሬዚስታንስ ለውጥ በመርፌ ያሳያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1963 ከመቶ በላይ መሣሪያ ከዋሽንግተን ወርሶ ነበር፤ ክርክሩ በ1971 ሲቋጭ ዳኛው መሣሪያው ለሃይማኖታዊ አገልግሎት ብቻ እንዲውልና በሽታ ለመመርመርም ሆነ ለማከም እንደማይጠቅም የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት ወስኗል። ላብ፣ ድንጋጤና የአጨባበጥ ጥንካሬ ሁሉም መርፌውን ያንቀሳቅሱታል። ቴስተርዎን ኦም ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች በጣቶችዎ ይያዙና ጨበጥ ለቀቅ ያድርጓቸው፤ ምንም ሳያስቡ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ያዩታል።