«ላክ» የሚባለው ማነው? ስለ ዲጂታል ሬዲዮ መመሪያ አማርኛ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላሉ የአማተር ሬዲዮ ጀማሪዎች የደብልዩኤስጄቲ-ኤክስን (በኮምፒውተር የሬዲዮ መልእክት መላላኪያ ፕሮግራም ነው) አጠቃቀም በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ኤፍቲ8፣ ማለትም በፕሮግራሙ አጫጭር መልእክት ስለምንላላክበት ዘዴ፣ በጻፍኩት ክፍል «የተላከውን መልእክት ምረጥና አስተላልፍ» የሚል አለ። አንዳንዶቹ ከሌላ ሰው የመጣውን መስመር ይጫናሉ። ሌሎቹ ከመረጡ በኋላ «ታዲያ ለምን አልሄደም?» ይላሉ። ጥፋቱ የነሱ ነው ወይስ የአማርኛዬ?

መልስ፦ የአማርኛው ነው። በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ካሉት ሦስት ግሦች ቦታው ላይ ያለው «ምረጥ» ብቻ ነው።

«የተላከ» ያለቀ ነገር ነው። በግራው መስኮት የሚወርዱት መስመሮች ሌሎች ልከዋቸው ፕሮግራሙ የፈታቸው ናቸው፤ ስለዚህ «የተላከውን ምረጥ» የተባለ ተማሪ እዚያ ቢጫን ታዘዘ እንጂ አልተሳሳተም። እርስዎ ያሰቡት ገና ያልሄደውን ነው፤ እሱ «የሚላክ» ይባላል። አየር ላይ ያለው ደግሞ «እየተላከ ያለ» ነው። ሦስቱም በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ስለሚታዩ መመሪያው ሊያምታታቸው አይገባም።

«አስተላልፍ» የባሰ ነው። ባሕር ዳር ወደብ ላይ ለጀልባ ነጂው «ለዘጌ ሰዎች ይህን መልእክት አስተላልፍልኝ» ቢሉት ቃሉ ልክ ነው፤ መልእክቱ የእርስዎ፣ እሱ አድራሽ ነውና። ማዕበል ተነሥቶ «ጉዞው ለነገ ተላለፈ» ቢባልም ልክ ነው፤ እዚህ ግን ትርጉሙ መዘግየት ሆኗል። ሕግ የተላለፈም አለ። ጀማሪ «መልእክቱን አስተላልፍ» ሲባል ያድርስ ወይስ ያቆየው? «አሰራጭ»ም አይሻልም፤ ለሬዲዮ ጣቢያ ፕሮግራም የሚስማማ ቃል ነው፣ እዚህ ግን አንድ ሰው ለአንድ ሰው ነው የሚመልሰው። «ላከ» ይበቃል። መልእክትም መልአክም ከዚሁ ከግእዙ «ለአከ» የወጡ ናቸው።

ይበቃል ስል ግን በትእዛዝ መልክ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ላክ የሚል ምልክት አለ፤ ሲነኩት ይሄዳል። ኤፍቲ8 ላይ ሰው አይልክም። ደቂቃው በ15 ሰከንድ ለአራት ተራ ተከፍሏል፤ አንዱ ጣቢያ በ0 እና በ30 ሲልክ ሌላው በ15 እና በ45 ይመልሳል፤ አንዱ መልእክት አየር ላይ የሚቆየው 12.64 ሰከንድ ነው። ተራው ሲደርስ የሚልከው ኮምፒውተሩ ነው። የሰው ድርሻ ሦስት ነው፦ መልእክቶቹን በፕሮግራሙ ማስዘጋጀት፣ መምረጥ፣ መላክን መፍቀድ። ተማሪዎችዎ «አልሄደም» ያሉት ሁለተኛውን አድርገው ሦስተኛውን ስለተዉ፣ ወይም ተራቸው ስላልደረሰ ይመስለኛል። («ታይም ስሎት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «የጊዜ ክፍተት» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ፤ ክፍተት ባዶ ቦታ ነው፣ ይሄ ግን ተራ ነው፣ ታክሲ ተራ እንደምንለው።)

በምርጫው ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ከእያንዳንዱ መልእክት አጠገብ ክብ ምልክትና አራት ማዕዘን ቁልፍ አለ። ክቡ «በሚቀጥለው ተራ ይሄዳል» ማለት ነው፤ ቁልፉ ግን እየተላከ ያለውን ወዲያው ይቀይራል። ለሁለቱም «ምረጥ» ካሉ ጀማሪው በመሃል ቁልፉን ይነካና ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው መልእክት የሆነ ድምፅ ይወጣል፤ ተቀባዩ ጋ አንዱም ላይፈታ ይችላል። ለክቡ «ይምረጡ»፣ ለቁልፉ «ይቀይሩ» ይበሉ። «ይምረጡ» ያልኩት ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ «ምረጥ» ሲሉ ሴቶቹን ተማሪዎች ይዘልላሉ።

እንዲህ ቢጻፍስ፦ «የጠራዎትን ሰው መስመር ሁለቴ ጠቅ ያድርጉ፤ ፕሮግራሙ መልእክቶቹን ያዘጋጃል። በሚቀጥለው ተራ የሚላከውን በክቡ ምልክት ይምረጡ። መላክን ይፍቀዱ። ተራዎ ሲደርስ ፕሮግራሙ ይልካል።»

«ያዘጋጃል» እንጂ «ይጻፉ» አላልኩም። በፕሮግራሙ ካሉት ስድስት መልእክቶች አምስቱ በሰው አይጻፉም። የመጀመሪያው ሁለቱ ኮልሳይኖች (የጣቢያ መለያዎች) እና ግሪዱ (የቦታ መለያው) ነው፤ ባሕር ዳር ከተማ ኬኬ81 ነች፣ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ደግሞ ኬኬ82። ቀጥሎ የሲግናሉ ጥንካሬ በዲቢ (ዴሲቤል)፣ ከዚያ ያው ጥንካሬ «አር» ተጨምሮበት፣ አራተኛው አርአርአር ወይም አርአር73፣ ስድስተኛው ሲኪው፣ ማለትም ለሁሉም የሚደረግ ጥሪ ነው። «አር» በአማርኛ «ደርሶኛል» ነው፤ 73 የስንብት ሰላምታ ነው። በእጅ የሚጻፍበት አምስተኛው ብቻ ነው፤ ካልነኩት እዚያም 73 ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። የጻፉትን ኢንተር ቢመቱበት ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል።

መመሪያዎ ስለዚህ አምስተኛ ሳጥን «እስከ 13 ፊደል ይጻፉ» የሚል ከሆነ ያርሙት። የኛን ፊደል አይቀበልም። የሚቀበለው 42 ምልክት ነው፦ 26 የላቲን ፊደል፣ 10 አኃዝ፣ መደመሪያ፣ መቀነሻ፣ ነጥብ፣ እዝባር፣ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ቦታ። ለነፃ ጽሑፍ የተመደበው 71 ቢት ስለሆነ ከ42ቱ 13 ብቻ ይይዛል። አማርኛን በላቲን ሲጽፉት አናባቢው ሁሉ ቦታ ይበላል፦ «ሰላም» በኛ 3፣ በነሱ 5 ነው። «እንደምን አደሩ» ከነባዶ ቦታው 12 ሆኖ ይገባል። «እንኳን አደረሳችሁ» ግን አይገባም፤ «እንኳን» 6፣ ባዶ ቦታው 1፣ ለቀረው 6 ብቻ ይተርፋል፤ ስለዚህ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው «እንኳን አደረስ» ነው። በትክክል የሄደውን ለማየት በቀኙ መስኮት በቢጫ የሚወጣውን መስመር ያንብቡ። ኮልሳይንም በራሱ አይጨመርበትም፤ ከ13ቱ ውስጥ ካልጻፉት ማን እንደላከው ጽሑፉ አይናገርም።

(ያው 71 ቢት በ33ቱ ፊደል ሰባት ቤት፣ በ231ዱና በባዶ ቦታ ቢሰላ 9 ምልክት ይይዛል። «እንደምን አደሩ» ልክ 9 ነው።)

ስለዚህ ለሳጥኑ «13 ምልክት በላቲን ፊደል፣ ባዶ ቦታም ይቆጠራል» ብለው ይጻፉ።