መብራት ሲሄድ ዞቴሮ ቀጥ ብሎ ቀረ ላልሽው

አይዞሽ እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ረቡዕ ማታ እየሠራሽ መብራት ሄደ። ዴስክቶፑ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) የለውም፣ ድርግም ብሎ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ በደህና ተነሣ፣ የጥናት ምንጮችሽን የምትይዢበት ፕሮግራም፣ ዞቴሮ፣ ግን መስኮቱ ነጭ እንደሆነ ይቆማል፤ ሌላ ነገር ስትነኪ «ምላሽ እየሰጠ አይደለም» ይልሻል። 1,900 ያህል ምንጮች አሉሽ፣ ምዕራፍ ሦስትን ለአማካሪሽ የምታስገቢው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጓደኛሽ «አጥፊውና እንደገና ጫኚው» አለሽ። ልሞክረው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትሞክሪው። ቢያንስ ዛሬ አትንኪው።

ፕሮግራሙና መረጃሽ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው። ፕሮግራሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ነው። ምንጮችሽ፣ ማስታወሻዎችሽና ፒዲኤፎችሽ ያሉት ግን ሲ ድራይቭ ላይ ዩዘርስ ውስጥ፣ በአንቺ ስም ባለው ፎልደር ሥር፣ ዞቴሮ በሚል ሌላ ፎልደር ነው። ቦታውን ቀይረሽው ካልሆነ እዚያ ታገኚዋለሽ። ፕሮግራሙን አሥር ጊዜ ብታጠፊና ብትጭኚ ተመልሶ የሚከፍተው ያንኑ የተጎዳ ፋይል ነው። ስለዚህ አይጠቅምሽም። ጉዳቱ ግን ሊመጣ ይችላል፤ ሰው «እንደ አዲስ ልጀምር» ሲል ያንን ፎልደርም አብሮ ይጠርገዋል።

መጀመሪያ እውነት ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው የሚለውን እንለይ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚና ታስክ ማናጀርን ክፈቺ። የዞቴሮን መስመር ፈልጊና የሲፒዩና የዲስክ ቁጥሮቹን እያቸው። ከፍ ዝቅ የሚሉ ከሆነ እየሠራ ነው፣ ተዪው። እኔ አንድ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ቡና ልጠጣ ተነሣሁ፤ ቶናው ላይ ስንደርስ ተከፍቶ አገኘሁት። ዝም ብዬ ብገድለው ኖሮ ጥገናውን መሀል ላይ ነበር የማቋርጠው። ቁጥሮቹ ለረጅም ጊዜ ዜሮ ላይ ከተቀመጡ ግን ያን ጊዜ ኤንድ ታስክ በይው።

አሁን ወደ ፎልደሩ እንግባ። ዋናው ፋይል ዞቴሮ ዶት ኤስኪውላይት የሚባለው ነው። የላይብረሪሽ መዝገብ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። አጠገቡ ተመሳሳይ ስም ይዞ መጨረሻው ላይ «ጆርናል» የሚል ተቀጥላ ያለው ሌላ ፋይል ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ። እሱን በፍጹም እንዳታጠፊው።

ይህን የምልሽ የእኔ ጣጣ ከዚያ ስለጀመረ ነው። 2013 ዓ.ም. ላይ ልክ እንዳንቺ መብራት ሄዶብኝ ፎልደሩን ከፈትኩ። ያንን ጆርናል አየሁት። ትንሽ ነው፣ ስሙም ግራ ያጋባል። ቆሻሻ ነው አልኩና በሺፍት ዲሊት አጠፋሁት። ዞቴሮ ወዲያው ተከፈተ! እንዴት ደስ እንዳለኝ፤ ለጓደኞቼ ሳይቀር «ዘዴውን አገኘሁት» ብዬ አወራሁ። በሦስተኛው ቀን ደራሲ የሌላቸው ምንጮች መታየት ጀመሩ። ማስታወሻ ስከፍት ስህተት ይለኛል። ከዚያ ዳታቤዙ (መዝገቡ ማለት ነው) ተበላሽቷል የሚል መልእክት መጣና አልከፈትም አለ።

በኋላ ነው የገባኝ። ኤስኪውላይት (ዞቴሮ መዝገቡን የሚይዝበት የዳታቤዝ ሶፍትዌር) መዝገቡ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት የሚነካውን ገጽ የድሮ መልክ ጆርናሉ ላይ ይገለብጣል። ለውጡ በደህና ካለቀ ጆርናሉ አያስፈልግም። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ጆርናሉን አንብቦ ግማሽ የተጻፉትን ገጾች ወደነበሩበት ይመልሳል። እኔ ቆሻሻ ብዬ የጣልኩት መድኃኒቱን ነበር ማለት ነው። ያለሱ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ መዝገብ ነው የቀረኝ።

የጠፋብኝ ደግሞ ከኢንተርኔት የሚገኝ ነገር አልነበረም። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ከአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጦች በእጄ የጻፍኳቸው ናቸው። ዲኦአይ (የጽሑፍ መለያ ቁጥር) የላቸውም፣ በአንድ ክሊክ አይመጡም። ዞቴሮ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ እንዳይገለብጥብኝ የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስም ወደ አንድ ሳጥን እየቀየርኩ ነበር ያስገባሁት። የአማርኛ ምንጭ ያስገባ ሰው ሥራውን ያውቀዋል።

ስለዚህ የአንቺ የመጀመሪያ ሥራ ኮፒ ነው። ዞቴሮ ታስክ ማናጀር ላይ አለመኖሩን አረጋግጪ። ከዚያ ሙሉ ፎልደሩን፣ ከነጆርናሉ፣ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ውሰጂ። ኮፒ እንጂ ከት አይደለም። ደጋግመሽ ከመክፈትሽ በፊት አድርጊው፤ ዞቴሮ ራሱ የሚያስቀምጠው ባክአፕ በአዲስ ሊተካ ይችላልና። ኮፒው አንድ ፋይል ላይ ደርሶ ከቆመ ወይም ያለወትሮው ከተንቀራፈፈ ነገሩ የዞቴሮ ላይሆን ይችላል። ድንገት ሲጠፋ ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። ያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትተሽ አስፈላጊ ፋይሎችሽን አውጪ፤ ከዚያ ድራይቩን ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ በይ።

ኮፒው በእጅሽ ከገባ በኋላ በድፍረት መነካካት ትችያለሽ። ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ዞቴሮን ክፈቺው። ይህ ፕለጊኖችን (ዞቴሮ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ዘግቶ ያስነሣዋል። ከተከፈተ ጥፋተኛው ፕለጊን ነው፤ አንድ በአንድ እያበራሽ ታገኚዋለሽ። ከዚያም ሴቲንግስ ውስጥ አድቫንስድ ላይ የዳታቤዙን ጤንነት የሚፈትሽ ቁልፍ አለ፣ እሱን ተጫኚ።

በዚህም ካልተከፈተ ኢንተርኔቱን ንቀይና ዋናውን ፋይልና ጆርናሉን ከፎልደሩ አውጥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ዞቴሮን ክፈቺ። ባዶ ላይብረሪ ይዞ ፈጥኖ ከተከፈተ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ዳታቤዙ ነው ማለት ነው። ባዶውን ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ ምንጮችሽ ባወጣሻቸው ፋይሎች ውስጥ ናቸው። ኢንተርኔቱን የምትነቅይው በዚህ መሀል ሲንክ (ላይብረሪሽን ከዞቴሮ ድረ ገጽ ጋር የሚያመሳስለው) ተነሥቶ ነገሩን እንዳያደባልቅብሽ ነው።

ቀጥሎ ባክአፑን እንሞክራለን። ያው ስም ኖሮት መጨረሻው ባክ የሆነ ፋይል አለ። ቁጥር ያለባቸውም ሊኖሩ ይችላሉ፣ እነሱ ዞቴሮ በአዲስ ስሪት ሲተካ የቀሩ ናቸው። ቀኑን እያየሽ ከረቡዕ በፊት ያለውን የቅርቡን ምረጪ። መጠኑንም እዪ፤ 1,900 ምንጭ ላለው ሰው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ከሆነ እሱ ላይሆን ይችላል። ዞቴሮን ዝጊ፣ ባዶውን ፋይል አውጪ፣ የባክአፑን ኮፒ በዋናው ስም ሰይመሽ ቦታው ላይ አስገቢ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ አሮጌው ጆርናል ፎልደሩ ውስጥ መቅረት የለበትም። ያ ጆርናል የተጻፈው ለተጎዳው ፋይል ነው። ከባክአፑ ጎን ከቀረ ኤስኪውላይት የዚህኛው መስሎት ገጾቹን ይጭንበትና ደህናውንም ያበላሸዋል። ከተጎዳው ፋይል ጋር አይለይ፣ ከባክአፑ ጋር አይገናኝ።

ባክአፑ በጣም የቆየ ከሆነ ዞቴሮ ድረ ገጹ ላይ የዳታቤዝ መጠገኛ አለው። የምትሰቅይው ዋናውን ፋይል ብቻ ነው፣ ፒዲኤፎቹን አይደለም። ጠግኖ ይመልስልሻል። ለእኔ የተወሰነውን አትርፎልኛል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

አሁን ጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ያነሣሽው ነገር። «ሲንክ አለኝ፣ ግን ከወራት ጀምሮ ቦታው ሞልቷል ስለሚለኝ አይጠቅምም» ብለሻል። ይጠቅማል እንጂ! በነጻ የሚሰጠው 300 ሜጋባይት ለተያያዙ ፋይሎች፣ ማለትም ለፒዲኤፎቹ ነው። የምንጮቹ ዝርዝር፣ ማስታወሻዎቹና ታጎቹ ከዚያ አይቆጠሩም፤ ቦታው ቢሞላም መሄዳቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ሌላ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ የዞቴሮን ድረ ገጽ ክፈቺና በአካውንትሽ ግቢ። ምንጮችሽ እስከ ረቡዕ ድረስ እዚያ ካሉ ከላይ ያልኩሽ ልፋት ሁሉ ላያስፈልግሽ ይችላል። በባዶው ዳታቤዝ ገብተሽ ሲንክ ስታደርጊ ተመልሰው ይወርዳሉ። ስቶሬጅ የሚለውን ፎልደር ግን አትንኪው። ፒዲኤፎቹ እዚያ ስምንት ፊደልና ቁጥር ባለው ስም በየፎልደራቸው ተቀምጠዋል፤ መዝገቡ ሲመለስ በዚያው ስም ያገኛቸዋል። ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን የሲንክ ሪሴት ደግሞ በጥድፊያ እንዳትነኪ። በድረ ገጹ ያለውን በኮምፒውተርሽ ባለው የሚተካ ምርጫ አለው። ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ባዶ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር አስቢው።

ስለ ወርድ ፋይሉ አትስጊ። የጠቀስሻቸው ምንጮች መረጃ ራሱ ዶክመንቱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ጽሑፍሽ ላይ ያሉት ጥቅሶች አይጠፉም። ላይብረሪውን በባክአፕ ወይም በሲንክ ከመለስሽው መለያ ቁልፋቸው ያው ስለሆነ ግንኙነቱም ይቀጥላል። አንድ ሰው «በአርአይኤስ ኤክስፖርት ያደረግሽው ፋይል ካለ ኢምፖርት አድርጊው» ቢልሽ ግን (አርአይኤስ የምንጮችን ዝርዝር ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያሻግር የፋይል ዓይነት ነው) የመጨረሻ አማራጭ አድርጊው። ኢምፖርት የተደረገ ምንጭ አዲስ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ በምዕራፎችሽ ውስጥ ካሉት ጋር አይተዋወቅም። ከዚያ በኋላ የአንዱን ዓመት ብታርሚ ወርድ ውስጥ አይለወጥልሽም። አንድ በአንድ መተካት ነው፣ እሱን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝ።

ወርዱም አብሮ ስታክ የሚያደርግ ከሆነ በዶክመንት ፕሪፈረንስስ ውስጥ ጥቅሶችን በራሱ እንዲያድስ የሚያዘውን ምልክት አንሺው። በትልቅ ፋይል ላይ በጣም ያቀለዋል። ስትጨርሺ ሪፍሬሽ ትያለሽ።

የዞቴሮ ፎልደርሽ ጎግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪኝ። ክፍት ዳታቤዝን እንደዚያ ዓይነት ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ያለ መብራት መጥፋትም ያበላሸዋል፤ የዞቴሮ ሰዎችም ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ኮፒውን ዚፕ አድርጎ መስቀል ግን ችግር የለውም።

እስከዚያው ኮፒውን ውሰጂና የዋናውን፣ የጆርናሉንና የባክአፑን መጠንና ቀን ጻፊልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አለሁ፣ አብረን እናየዋለን።