«ስጣቸው» ለስንት ሰው ነው?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በደብረ ብርሃን፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ በአማርኛ እየሠራን ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በድሮዋ አንኮበር ነው። ተጫዋቹ «ባናውን ለአለቃ ስጥ» (ባና የሱፍ ብርድ ልብስ ነው) ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ይታዘዛል። «ስጣቸው» ሲለው ግን በግቢው ላለው ሰው ሁሉ ሊያድል ይነሣል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ፕሮግራማችሁ ሰዋስው ተምሯል፤ የተማረው ግን ግማሹን ነው። «ስጣቸው» ላይ ያለው ቅጥያ የብዙ ቁጥርም የአክብሮትም ነው። መንዝ ወይም ቡልጋ ያደገ ልጅ ደግሞ አለቃን «ስጠው» ብሎ ለመጻፍ እጁ እሺ አይለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከፆታው ጎን የሚከበር መሆን አለመሆኑን መዝግቡ። «ስጣቸው» ሲመጣ ተጫዋቹ በቅርብ የጠራው የሚከበር ሰው ይፈለግ፤ ከሌለ ወደ ብዙዎቹ ይኬድ። ሁለቱም ካሉ ፕሮግራሙ «ለአለቃ ነው ወይስ ለሁሉም?» ብሎ ይጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ዓይነቱን ጨዋታ ሲጀምሩ ቋንቋቸው ተውላጠ ስሙን ለብቻው የቆመ ቃል አድርጎ ሰጥቷቸዋል። የእኛው ግሱ ላይ ተጣብቋል። የእነርሱን አሠራር እንዳለ ብትገለብጡት ተውላጠ ስሙን ፈጽሞ አታገኙትም፤ ግሱን ራሱን በየክፍሉ መነጣጠል አለባችሁ። «ስጣቸው»፣ «ስጪያቸው»፣ «ስጧቸው» ሦስቱም አንድ ትእዛዝ መሆናቸውን ፕሮግራሙ ይወቅ።

ከዚህ በላይ የማስጠነቅቃችሁ ስለ «ው» ነው። «ባናውን ውሰደው» ሲባል በግሱ ጫፍ ያለው «ው» ያንኑ ባና ደግሞ ያመለክታል፤ ፕሮግራሙ ሌላ ዕቃ ፍለጋ መሄድ የለበትም። «ባናውን ስጠው» ሲባል ግን «ው» ተቀባዩ ሰው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ግሱ ስለሆነ በግሶቻችሁ መዝገብ ላይ የእያንዳንዱ ቅጥያ ወዴት እንደሚያመለክት ይጻፍ። «ባናውን» ራሱ «የእርሱን ባና» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ከተጠራና ባና ከያዘ ይህንንም አስቡት።

ብዙ ተጫዋች ባለበት ደግሞ ጊዜ ራሱ ያሳስታል። እኔ «ምታው» ብዬ እየጻፍኩ ሳለ ሌላ ሰው ወደ ግቢው ይገባል። ፕሮግራሙ «ው»ን በመጨረሻ የታየው ሰው ነው ብሎ ከተረጎመ ዱላው የሚያርፈው ገና ሰላምታ ባልሰጠው እንግዳ ላይ ነው። ይህ ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ማስታወሻ ይኑረው፤ ቅጥያውም ተጫዋቹ በገዛ ጽሑፉ ከጠራው ሰው ጋር ብቻ ይታሰር። ያ ሰው ከሄደ «ሄዷል» ይባል እንጂ ትእዛዙ ወደ ሌላ አይዙር።

ፆታን ለሰው አጥብቁ፣ ለዕቃ አላሉት። አማርኛ ትንሽ የሆነውን ወይም የተወደደውን ነገር በሴት ይጠራል። «ዋንጫዋን አንሣት» ብሎ የጻፈን ተጫዋች፣ ዋንጫ «ወንድ» ተብሎ ስለተመዘገበ ብቻ «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የለም» እንዳትሉት።